ሲሻርም የሚበላ አሰልጣኝ፣ ሳይበላ የተሸነፈ ቡድን

ቡድን ሲሸነፍ ሁላችንም አፋችን ላይ የሚመጣ አንድ ጥያቄ አለ፤ «ማን ይባረር?» የሚል። በየዲኤስቲቪ ቤቱ ተቀምጠን ስንቱን አሰልጣኝ አባረናል! ስንቱን ተጫዋች «ፍላጎት የለውም» ብለን ሸጠናል! ዛሬ ግን ሌላ ጥያቄ ይዘን መጥተናል። ሽንፈቱን ማን ከፈለው? ማንስ በላበት?

ጥያቄውን የምናነሳው በሩቅ አገር፣ በቴክሳስ የኮሌጅ ፉትቦል ላይ ነው። እዚያ በአንድ የዩኒቨርሲቲ አስተዳደር ጥላ ሥር ያሉ ሁለት ቡድኖች በየዘመናቸው ተሸንፈዋል። አንዱ 80 ጨዋታ በተከታታይ ተሸንፎ የአገር መሣቂያ ሆነ። ሌላው በአንድ የውድድር ዘመን 7 ጊዜ ተሸነፈ፤ አሰልጣኙም በዓመቱ 76 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ሊከፈለው ተሸኘ። ይህን ጉድ አይተን ዝም ማለት አልሆነልንም። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ለማያውቀው አንባቢ ጥቂት እንበል። ፉትቦል ስንል የእኛን እግር ኳስ ማለታችን አይደለም፤ እንቁላል የመሰለችውን ኳስ በእጅ ይዘው እየተጋጩ የሚሮጡበትን የአሜሪካኖቹን ጨዋታ ነው። ተጫዋቾቹ ተማሪዎች ናቸው። ውድድሩ ከመስከረም እስከ ኅዳር ድረስ አብዛኛውን ጊዜ ቅዳሜ ቅዳሜ ይካሄዳል፤ በአንድ ዘመን አንድ ቡድን 11 ወይም 12 ጊዜ ይጫወታል። «የተማሪ ጨዋታ» ሲባል ታዲያ የሠፈር ሜዳ እንዳይመስላችሁ። ቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም የሚጫወትበት ካይል ፊልድ የተባለው ስታዲየም 102,733 ሰው ይይዛል። በብዙዎቹ የአሜሪካ ክፍለ ግዛቶች ከመንግሥት ተቀጣሪዎች ሁሉ ከፍተኛውን ደመወዝ የሚያገኘው አገረ ገዥው ወይም ዳኛው ሳይሆን የኮሌጅ አሰልጣኙ ነው።

እንግዲህ ወደ ነገራችን።

ሰማንያ

ፕሬሪ ቪው ኤ ኤንድ ኤም ከሂውስተን ከተማ በስተ ሰሜን ምዕራብ 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ የሚገኝ፣ በ1876 ለጥቁር ወጣቶች የተቋቋመ ትምህርት ቤት ነው። ግቢው የቆመው ቀድሞ ባሮች ያርሱት በነበረ እርሻ ላይ ነው። የበላዩ የቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም የዩኒቨርሲቲዎች ሥርዓት ነው። በሌላ አነጋገር፣ ከስመ ጥሩው ቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም ጋር የአንድ ቤት ልጆች ናቸው፤ የሁለቱም አለቃ አንድ ቦርድ ነው።

ይህ ቡድን ሽንፈት ይዞ አልተወለደም። ቢሊ ኒክስ በሚባል አሰልጣኝ እየተመራ ከ1953 እስከ 1964 ባሉት ዓመታት አምስት ጊዜ የጥቁር ኮሌጆች የአገር አቀፍ ሻምፒዮን ተብሏል። እነ ኦቲስ ቴይለርንና ኬን ሂውስተንን የመሳሰሉ፣ ኋላ በፕሮፌሽናሉ ሊግ የገነኑ ተጫዋቾች የወጡት ከዚሁ ሜዳ ነው።

ታዲያ ምን ነካው? ነገሩ እንዲህ ነው። በዘር መለያየቱ ዘመን ትልልቆቹ የነጭ ዩኒቨርሲቲዎች ጥቁር ተጫዋች አይቀበሉም ነበር። ስለዚህ ከቴክሳስ ጥቁር ወጣት መካከል ምርጡ የሚሄድበት በር ጥቂት ነበር፤ ከጥቂቶቹ አንዱ ፕሬሪ ቪው ነው። በ1960ዎቹ መጨረሻ በሩ ሲከፈት ትልልቆቹ መጥተው ምርጥ ምርጡን ወሰዱ። መከፈቱ የሚያስደስት ነው፤ በዚህ ክርክር የለንም። የምንከራከረው የተከፈተው በር አንድ ብቻ ስለነበረ ነው። ልጆቹ ወደ ትልልቆቹ ሄዱ፤ የትልልቆቹ ባጀት ግን ወደ ትንንሾቹ አልመጣም። ሜዳው እኩል ሆነ ተባለ፣ ካዝናው እንደነበረ ቀረ።

ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ ቁልቁለት ነው። በ1990 በስፖርት ክፍሉ የገንዘብ አያያዝ ላይ ብልሹነት አለ ተብሎ የዓመቱ ውድድር ተሰረዘ። ቡድኑ በ1991 ሲመለስ ተጫዋቾቹ ስኮላርሺፕ አልነበራቸውም። ልብ በሉ! ተጋጣሚዎቻቸው ነፃ ትምህርት፣ ነፃ ማደሪያ፣ ነፃ ምግብ እየተሰጣቸው ይጫወታሉ። እነዚህ ግን ለትምህርታቸው እየከፈሉ ይመቱ ነበር። በዚያ ዓመት ቡድኑ 48 ነጥብ አስቆጥሮ 617 ነጥብ ተቆጠረበት።

ሽንፈቱ ከ1989 መጨረሻ ጀምሮ እስከ መስከረም 26 ቀን 1998 ድረስ ዘለቀ፤ በጠቅላላው 80 ጨዋታ። በዚያን ቀን ላንግስተን የሚባለውን ዩኒቨርሲቲ 14 ለ 12 ሲያሸንፉ፣ በመጀመሪያው ሽንፈት ጊዜ ገና አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የነበሩ ልጆች ለአቅመ ኮሌጅ ደርሰው ማሊያውን ለብሰው ነበር። ገንዘቡን ያዝረከረከው አንድም ተማሪ አይደለም። ቅዳሜ ቅዳሜ ሕዝብ ፊት ቆሞ የተሣቀበት ግን ተማሪው ነው። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይኼ ነው።

ሰባት

አሁን ወደ ታላቁ ወንድም እንሂድ። ቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም በ2017 መጨረሻ ጂምቦ ፊሸርን ቀጠረ። ሰውየው በ2013 ከፍሎሪዳ ስቴት ጋር የአገሪቱን ዋንጫ ያነሳ ስመ ጥር አሰልጣኝ ነው። ውሉ የ10 ዓመት፣ ገንዘቡ 75 ሚሊዮን ዶላር፣ ያውም ቢያሸንፍም ቢሸነፍም የማይቀር። በ2018 የሥርዓቱ ቻንስለር ጆን ሻርፕ ለአሰልጣኙ አንድ የሻምፒዮንነት ሰሌዳ አበረከቱ፤ ዓመተ ምሕረቱ ብቻ ክፍት የተተወ። ላም አለኝ በሰማይ ይላል ያገራችን ሰው።

በ2021 ዋንጫው ገና አልመጣም፤ ውሉ ግን እስከ 2031 ተራዘመ። ደመወዙም በዓመት ከ9 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሆነ። ቦርዱም አጸደቀ።

በ2022 ምን ሆነ? በዚያ ዓመት የመለመሏቸው አዳዲስ ተጫዋቾች በአገሪቱ አንደኛ ተብለው ነበር። በዚያው ዓመት አፓላቺያን ስቴት የተባለ ትንሽ ዩኒቨርሲቲ 1.5 ሚሊዮን ዶላር ተከፍሎት ወደ ካይል ፊልድ መጣ። ይህ በኮሌጅ ፉትቦል የተለመደ ንግድ ነው፤ ትልቁ ትንሹን ገንዘብ ከፍሎ ይጠራዋል፣ ትንሹ ተሸንፎ ገንዘቡን ይዞ ይሄዳል። አፓላቺያን ግን ገንዘቡንም ድሉንም ይዞ ሄደ፤ 17 ለ 14። ኋላ ላይም ኤ ኤንድ ኤም ስድስት ጨዋታ በተከታታይ ተሸነፈ። የዓመቱ መዝጊያ 5 ድል፣ 7 ሽንፈት።

በቀጣዩ ዓመት ኅዳር 12 ቀን 2023 ፊሸር ተባረረ፤ ቡድኑ 51 ለ 10 ባሸነፈ ማግስት። የመባረሪያው ዋጋ 76 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነው። 19 ሚሊዮን ያህሉ በ60 ቀን ውስጥ፣ የቀረው ደግሞ በየዓመቱ 7 ሚሊዮን ዶላር ከምናምን እየሆነ እስከ 2031 ድረስ። ከዚያ በፊት በኮሌጅ ፉትቦል ትልቅ የተባለው የስንብት ክፍያ አውበርን በ2020 ለጋስ ማልዛን የከፈለው 21 ሚሊዮን ተኩል ያህል ነበር። የፊሸር ውል ሌላ ጉድም አለው። ሰውየው ነገ ሌላ ዩኒቨርሲቲ ቢቀጥረውና ደመወዝ ቢበላ እንኳ ከዚህኛው ላይ አንድ ሳንቲም አይቀነስም።

እኛ አገር «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» ይባላል። ተረቱን ስንሰማ ያደግነው የሙሰኛ መፈክር አድርገን ነው። በቴክሳስ ግን ቁጭት የሚባል ነገር የለም። ሲሾምም ይበላል፣ ሲሻርም ይበላል፤ ያውም በሕጋዊ ውል፣ በቦርድ ፊርማ!

«የሕዝብ ገንዘብ አይደለም»

መቼም ይህን ስንል የሚሰጠውን መልስ እናውቀዋለን። ዩኒቨርሲቲውም ያኔውኑ ተናግሮታል። ገንዘቡ የግብር ከፋይ አይደለም፤ የመጀመሪያው ክፍያ ከለጋሾች ድርጅት፣ የየዓመቱ ደግሞ ከስፖርት ክፍሉ ገቢ ነው ተባለ። ይሁን። እውነት ነው ብለን እንቀበለው። ነገር ግን ሦስት ነገር እንጠይቅ።

አንደኛ፣ «የስፖርት ክፍሉ ገቢ» ከየት ይመጣል? ከትኬት፣ ከቴሌቪዥን፣ ከማሊያ። ትኬቱን የሚያሸጠው ማነው? ጉልበቱ የሚሰበረው የሃያ ዓመት ልጅ ነው። ይህ ልጅ እስከ 2021 አጋማሽ ድረስ በገዛ ስሙ እንኳ ማስታወቂያ ሠርቶ ገንዘብ ቢቀበል ከጨዋታ ይታገድ ነበር። ዩኒቨርሲቲዎች ከገቢያቸው ለተጫዋች በቀጥታ ማካፈል የጀመሩት በ2025 ነው፤ እሱም በፍርድ ቤት ሙግት ከተሸነፉ... ይቅርታ፣ ከታረቁ በኋላ። በመጀመሪያው ዓመት የተፈቀደው ጣሪያ ለአንድ ዩኒቨርሲቲ 20.5 ሚሊዮን ዶላር ነው፤ ያውም ለሁሉም ስፖርት አትሌቶቹ በሙሉ። እስኪ ሂሳቡን አስሉት። አንድ ሥራ የሌለው አሰልጣኝ የሚወስደው ገንዘብ፣ የአንድ ዩኒቨርሲቲ አትሌቶች በሙሉ ተሰብስበው አራት ዓመት ግድም የሚካፈሉት ነው።

ሁለተኛ፣ ለጋሾቹ 19 ሚሊዮን ዶላር በ60 ቀን ማዋጣት ከቻሉ «ገንዘብ የለም» የሚባለው ነገር የት ሄደ? ገንዘብ አለ። የሌለው ፍላጎት ነው። አንድ ሰው ከቢሮ እንዲወጣ የሚፈልግ ሀብታም ሞልቷል፤ አንድ ተማሪ ወደ ክፍል እንዲገባ የሚፈልግ ሀብታም ነው የጠፋው።

ሦስተኛው የሚያንገበግበን ነው። ፊሸር ከመባረሩ ሁለት ወር ቀደም ብሎ፣ በመስከረም 2023፣ የአሜሪካ የትምህርትና የግብርና ሚኒስትሮች ለ16 ክፍለ ግዛቶች አገረ ገዥዎች ደብዳቤ ጻፉ። የደብዳቤው ፍሬ ነገር እንዲህ ነው፦ በየክፍለ ግዛታችሁ ያለው የጥቁሮች የመሬት ስጦታ ዩኒቨርሲቲ፣ እንደ ነጮቹ ዩኒቨርሲቲ በተማሪ ቁጥር ልክ ቢከፈለው ኖሮ፣ ከ1987 እስከ 2020 ባሉት ዓመታት ተጨማሪ ይህን ያህል ገንዘብ ያገኝ ነበር። ድምሩ ከ12 ቢሊዮን ዶላር ይበልጣል። የቴክሳስ ድርሻ 1.1 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ነው። ዩኒቨርሲቲውስ? ፕሬሪ ቪው።

ዓመቶቹን አስተያዩ። 80ው ሽንፈት ከ1989 እስከ 1998 ነው። ደብዳቤው ጎደለ የሚለው ገንዘብ ከ1987 ጀምሮ የተቆጠረ ነው። ቡድኑ ሜዳ ላይ እየተሸነፈ በነበረበት ጊዜ ሁሉ ትምህርት ቤቱ ወረቀት ላይ እየተሸነፈ ነበር። የአሰልጣኙ ካሳና የክፍለ ግዛቱ በጀት ከተለያየ ኪስ እንደሚወጡ አናጣውም። ኪሱ ይለያይ፤ ሱሪው ግን አንድ ነው። የእኩልነት ጥያቄ ሲመጣ ዓመታት የሚፈጅ ሥርዓት፣ የአሰልጣኝ ስንብት ሲሆን ቅዳሜ አሸንፎ እሑድ ይጨርሳል።

በመስከረም 2016 ሁለቱ ወንድማማቾች በካይል ፊልድ ተገናኝተው ነበር። ውጤቱ 67 ለ 0 ነው። አሸናፊው ማን እንደሆነ መናገር ያስፈልጋል?

ሀብታም ሲሸነፍ ቀልድ፣ ድሃ ሲሸነፍ ማስረጃ

«ሽንፈት ያው ሽንፈት ነው» የሚል ካለ ሁለት ምሳሌ እንስጠው። ኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ ከ1979 እስከ 1982 ድረስ 34 ጨዋታ በተከታታይ ተሸንፏል። ሽንፈቱ ያበቃ ቀን ተማሪዎቹ የጎሉን ቋሚ ነቅለው ሚቺጋን ሐይቅ ውስጥ ጣሉት። ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ከ1983 እስከ 1988 ድረስ 44 ጊዜ በተከታታይ ተሸነፈ። ዛሬ እነዚህ ታሪኮች የሚወሩት እየተሣቀ ነው፤ የቀድሞ ተማሪዎች በእራት ግብዣ ላይ የሚያነሷቸው ጨዋታዎች ናቸው። በሽንፈቱ ምክንያት የኮሎምቢያን ዲግሪ የተጠራጠረ ቀጣሪ አልሰማንም።

ፕሬሪ ቪው ላይ ሲደርስ ግን ሽንፈቱ የትምህርት ቤቱ የወል ስም ሆነ። አርክቴክትና ኢንጂነር፣ ነርስና አስተማሪ የሚያወጣ ተቋም «80 ጊዜ የተሸነፉት» ተብሎ ተጠራ። ሀብታም ሲሸነፍ ቀልድ ነው፤ ድሃ ሲሸነፍ «አይችሉም» ለሚለው ሐሜት ማስረጃ ይደረጋል። የኛ ጠብ ከዚህ ጋር ነው።

«እንግዲያው ቡድኑን ለምን አልዘጉትም?» የሚል ብልጥም አይጠፋም። ለምን ይዘጋል? ሰው በዚያ ሁሉ ዓመት ወደ ፕሬሪ ቪው ጨዋታ መምጣቱን አልተወም። በእረፍት ሰዓት ሜዳ የሚገባውን የማርሽ ባንዳቸውን ለማየት ሲል ብቻ የሚመጣው ብዙ ነበር። ዩኒቨርሲቲ የሚሰባሰብበት ቀን ያስፈልገዋል፤ ውጤቱ ምንም ቢሆን። በዚያ ላይ ስኮላርሺፑ ቀስ በቀስ ሲመለስ ምን ሆነ? በ2009 ይኸው ቡድን የሊጉ ሻምፒዮን ሆነ። የሰማንያው ሽንፈት ከቆመ 11 ዓመት ብቻ ቆይቶ! የልጆቹ ደም አልተቀየረም፤ የተቀየረው የሚደረግላቸው ነገር ነው። ይህ ነው ክርክራችንን የሚዘጋው።

እኛ ምን አገባን?

ያገባናል። ሂውስተንና ዳላስ ውስጥ የሚኖሩ ወገኖቻችን ልጆቻቸውን የሚልኩት ወደነዚሁ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ነው። አባት ሌሊት ታክሲ ነድቶ፣ እናት ነዳጅ ማደያ ቆማ የምትከፍለው የትምህርት ክፍያ በየዓመቱ «በጀት ጠበበ» እየተባለ ሲጨመር፣ በዚያው ግቢ ውስጥ የማይሠራ ሰው እስከ 2031 ይከፈለዋል።

እዚህ ላለነውም ትምህርቱ ቅርብ ነው። የሰንጠረዡ ግርጌ ላይ ባለ ቡድን መሣቅ እንወዳለን። ተጫዋቾቹ ደመወዝ ተከፍሏቸው ይሁን ሳይከፈላቸው፣ ማን ቦርድ ላይ ተቀምጦ ምን እንደፈረመ ሳንጠይቅ «እነዚህማ ኳስ አይችሉም» እንላለን። ከኳስም ወጣ ብለን ካየነው፣ ፈተና የወደቀን ተማሪ «ሰነፍ» የምንለው መጽሐፍና አስተማሪ መኖሩን ሳንጠይቅ አይደለም እንዴ?

ትምህርቱን ራሳቸው አሜሪካኖቹም ገና አልተማሩትም። በ2025 መኸር ሉዊዚያና ስቴት ብራያን ኬሊን ሲያባርር የተነሳው ዕዳ 54 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነበር። በዚያው ሰሞን ፔን ስቴት ጄምስ ፍራንክሊንን ሲያባርር ወደ 50 ሚሊዮን የሚጠጋ ዕዳ ነበረበት። ፍራንክሊን ግን ብዙም ሳይቆይ ቨርጂኒያ ቴክ ሲቀጥረው የፔን ስቴት ዕዳ ወደ 9 ሚሊዮን ወረደ። ለምን? ውሉ «ሌላ ሥራ ከያዝክ ይቀነሳል» የሚል አንቀጽ ስለነበረው። ከፊሸር ውል የጎደለው አንድ አንቀጽ ነው። የዚያ አንቀጽ አለመኖር ስንት ተማሪ ያስተምር እንደነበር አስቡት።

ስለዚህ የምንለው አጭር ነው። የሕዝብ ዩኒቨርሲቲ ለአሰልጣኝ ያለ ቅናሽ አንቀጽ ውል መፈረም ሊከለከል ይገባል፤ የለጋሽ ገንዘብ ነው ማለት ሽፋን አይሆንም። ውሉን ያጸደቀ ቦርድ ስሙ ከተሸነፈው አሰልጣኝ ስም ጎን ይጻፍ። ለጥቁሮቹ ዩኒቨርሲቲዎች ጎደለ የተባለው ገንዘብ በደብዳቤ አይቅር፤ ይከፈል። ጋዜጠኛውም «ስንት ለስንት አለቀ?» ከማለቱ በፊት የሁለቱን ቡድኖች በጀት ጎን ለጎን ያስቀምጥ፤ የብዙ ጨዋታ ውጤት እዚያው ላይ ታትሞ ያገኘዋል።

ያ 80 ጊዜ የተሸነፈ ቡድን ሰማንያ አንደኛውንም ሊጫወት ወጥቷል። ካሳ ሳይጠብቀው፣ ሰኞ ክፍል ሊገባ። ከሁለቱ «ተሸናፊዎች» ለዩኒቨርሲቲ ክብር የሆነው የትኛው እንደሆነ ፍርዱን ለእናንተ ትተናል።

ቸር እንሰንብት።